«ምነው ጠፋህ?» እስኪሏችሁ

ለሚሽን አገልግሎት ልትወጡ ሻንጣ የምታዘጋጁ ልጆች፣ ይሄ ደብዳቤ ለእናንተ ነው። ደርሳችሁ «ምን ውስጥ ነው የገባሁት?» እያላችሁ ጣሪያ የምታዩም አንብቡት።

እኔ የሒሳብ ሰው ነኝ። ከ30 ዓመት በላይ የሰው ገንዘብ ስቆጥር ኖሬ ጡረታ ወጥቻለሁ። ከዚያ በፊት ግን፣ ገና በ23 ዓመቴ፣ ቋንቋውን ወደማላውቀው አገር ለሁለት ዓመት ተልኬ ነበር። እዚያም መቁጠር አልተውኩም። የላከን ቢሮ በየወሩ ሪፖርት ይፈልጋል፤ ስንት ቤት አንኳኳህ፣ ለስንት ሰው መሰከርክ፣ ስንቱ ተቀበለ። ሠንጠረዡን በማስመሪያ ነበር የማሰምረው፣ ቀልዴን አይደለም። የመጨረሻው ዓምድ ላይ አምስት ወር በተከታታይ ዜሮ ጻፍኩ። ማታ ስጸልይም ቃሉ ይወጣል እንጂ ምንም አይሰማኝም፤ ጸሎቴ ራሱ ሪፖርት ሆኖ ነበር። ለማንም አልተናገርኩም። ሚሲዮናዊ «እምነቴ ደረቀብኝ» ይላል እንዴ? ይላል። እኔ ዝም ብዬ ብዙ ጊዜ አባከንኩ፣ እናንተ ግን ተናገሩ፤ ለአንድ ለምታምኑት ሰው፣ በስልክም ቢሆን። አንድ ሰው አልኩ እንጂ ሃያ ሰው አላልኩም። ማታ ማታ ከአገር ቤት ጋር በስልክ የሚያመሽ ልጅ ገና አልሄደም።

ያኔ የዊሊያም ኬሪን ታሪክ ባውቅ ኖሮ ትንሽ ይቀለኝ ነበር። ጫማ ሰሪ የነበረ እንግሊዛዊ ሚሲዮናዊ ነው። ሕንድ የገባው እ.ኤ.አ. በ1793 ሲሆን፣ በእሱ አገልግሎት ያመነው የመጀመሪያው ሕንዳዊ የተጠመቀው በ1800 መጨረሻ ነው። ሰባት ዓመት! በመሐሉ የአምስት ዓመት ልጁን ቀብሯል፣ የሚስቱም አእምሮ ታውኮበታል። በእኛ ሠንጠረዥ ቢለካ በሁለተኛው ዓመት «ተመለስ» ይሉት ነበር።

እኔን ያዳነኝ ስብከቴ አይደለም። ጸሎት ቤቱ ውስጥ ሁልጊዜ ከኋላ የሚቀመጡ ሽማግሌ ነበሩ። መዝሙር ሲዘመር መስመሩ ይጠፋብኛል፤ ፊደሉን እንጂ ቃሉን አልለይም። አንድ እሑድ ምንም ሳይሉ መጽሐፋቸውን ወደ እኔ ገፋ አደረጉና ጣታቸውን ከቃሉ ሥር እያስኬዱ ያሳዩኝ ጀመር። ጥፍራቸው መሐል ለመሐል የተሰነጠቀ ነበር። እሱን እየተከተልኩ ዘመርኩ። ሊያስተምር የመጣው ሰውዬ፣ እንደ አንደኛ ክፍል ተማሪ በጣት እየተመራ! አፈርኩ። ግን በሚቀጥለው እሑድም እሳቸው ጎን ሄጄ ተቀመጥኩ፣ ከዚያም በኋላ እንደዚያው።

አንድ ሳምንት አሞኝ ቀረሁ። ድኜ ስመጣ «ምነው ጠፋህ?» አሉኝ፤ በቋንቋቸው ነው፣ ግን ገባኝ። ቦታዬ ላይ ኮፍያቸውን አስቀምጠውበት ነበር። ያለፈውም እሑድ ኮፍያው እዚያው እንደነበረ ከፊታችን የምትቀመጥ ልጅ ነገረችኝ። ለካ እኔ እነሱን ስቆጥር እነሱም ቆጥረውኛል፤ መጉደሌ ታውቋል። የዚያን ማታ ጸሎቴ ሁለት ቃል ብቻ ነበር፣ ሁለቱም በእነሱ ቋንቋ።

ሉቃስ 10ን በደንብ አንብቡት። ጌታ ሰባዎቹን ደቀ መዛሙርት ሲልክ ኮረጆ አትያዙ፣ ያቀረቡላችሁን ብሉ፣ ከቤት ወደ ቤት አትዘዋወሩ ይላቸዋል። ልጅ ሳለሁ የድህነት ትእዛዝ ይመስለኝ ነበር። አሁን ሳስበው የላካቸው የሰው እጅ እንዲያዩ አድርጎ ነው። እኛ የሰው እጅ ማየት ውርደት ነው ተብለን ስላደግን ይከብደናል። እና ሊያግዟችሁ ሲመጡ «ተዉት፣ እኔ እችላለሁ» አትበሉ። ሰዋስዋችሁን የሚያርም ሕፃን ካገኛችሁ ጓደኛ አድርጉት። ቶሎ ቶሎ ቦታም አትቀያይሩ።

ካቃታችሁስ? በወንጌል ጉዞ የጳውሎስና የበርናባስ ረዳት የነበረው ዮሐንስ ማርቆስም ጵንፍልያ ላይ ትቷቸው ወደ ኢየሩሳሌም ተመልሷል። ለምን እንደተመለሰ ሉቃስ በሐዋርያት ሥራ ላይ አልጻፈም፣ ደግ አደረገ። ጳውሎስ በኋላ «እሱን ይዤ አልሄድም» ብሎ ከበርናባስ ጋር እስከ መለያየት ደረሰ። ግን ያው ጳውሎስ ታስሮ ሳለ ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ማርቆስን ይዘኸው ና፣ ለአገልግሎት ይጠቅመኛል ይላል። አቋርጦ የተመለሰ ልጅ ሲያጋጥማችሁ ታዲያ ጥያቄ አታብዙበት።

ልመለስ ሁለት ሳምንት ሲቀረኝ፣ መዝሙሩ መሐል ላይ የሽማግሌው ጣት ቆመ። መስመሩ የጠፋባቸው መስሎኝ ዞር ብዬ አየኋቸው። ዓይናቸውን ጨፍነው እየዘመሩ ነው። ጣቴን እሳቸው ካቆሙበት ቃል ሥር አስገባሁና ቀጠልኩ።