ልጄ አያቱን ረሳ ወይ?

ውድ ጠያቂዬ፣ ነፍሳቸውን ይማር፤ እርስዎንም ያጽናዎት።

ደብዳቤዎን ለሌሎች አንባቢዎች ላሳጥረው። አባትዎ ካረፉ 7 ወር ሆኗቸዋል። የ12 ዓመት ልጅዎ ቅዳሜ ቅዳሜ ከአያቱ ጋር መናገሻ ሱባ ጫካ እየሄደ ነው ያደገው። በለቅሶው ዕለት ግን እንባ አልወጣውም፤ ድንኳኑ ሳይነሳ ከጎረቤት ልጆች ጋር ኳስ ሲያባርር ታየ። አሁን ደግሞ «ሱባ እንሂድ» እያለ ይነዘንዝዎታል። በዚህ ክፉኛ አዝነው የአባትዎን የመስክ ጫማ፣ ከዘራና የሩቅ ማያ መነጽር ቁም ሣጥን ውስጥ ቆልፈውበታል። «ለሙት ዓመቱ እንኳ ሳንደርስ ሽርሽር ያምረዋል፤ ሐዘኑን እንዴት ላውጣለት?» ይላሉ።

የልጁን በአጭሩ ልጨርስ። ልጅ እንደ ትልቅ ሰው ፍራሽ ላይ ተቀምጦ አያዝንም፤ ሐዘኑ ውስጥ ገባ ብሎ ይወጣል፣ ተመልሶም ይገባል። ትልልቆቹም ብንሆን በሞቱና በኑሮው መካከል መመላለሳችን ጤናማ መሆኑን ማርጋሬት ስትሮብ እና ሄንክ ሹት የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1999 በጻፉት አስረድተዋል። ደግሞ እርስዎው እንደጻፉት፣ ልጁ ለቅሶ ሊደርስ የመጣውን እንግዳ ሁሉ እየያዘ «የሱባን ጽድ ያስተከለው ዘርዓ ያዕቆብ ነው፤ አባባ ነው የነገረኝ» ይል ነበር። «ወሬ አበዛ» ብለውታል። እኔ ግን ሙሾ ሲያወርድ ነው የታየኝ።

አሁን ወደ እርስዎ ልምጣ።

ሦስት ገጽ ሙሉ አባትዎ ለልጅዎ የሆኑለትን ይተርካሉ። ጉሬዛው እንዳይሸሽ ትንፋሽ ውጦ መቆምን አስተማሩት። የወደቀ የኮሶ አበባ አንስተው መዳፉ ላይ አኖሩለት። ዝናብ ሲይዛቸው አንዱን ጋቢ ለሁለት ለበሱት። ስለ እርስዎና ስለ አባትዎ ያለው ግን ይኸው ብቻ ነው፤ እሱም በቅንፍ፦ «(እኔ ልጅ ሳለሁ መንገድ ቀያሽ ስለነበር የምናየው ለበዓል ነው።)» አባትዎ ከመስክ ሲመጡ ደጃፍ ላይ የጫማቸውን ጭቃ በእንጨት ሲፍቁ እርስዎ ቆመው ያዩ እንደነበር አከሉና፣ ወዲያው ወደ ልጅዎ ተመለሱ።

እኔ እዚያ ቅንፍ ላይ ብዙ ቆየሁ። እርስዎን አባት ያሳጣዎት ያ መስክ ለልጅዎ አያት ሰጠው። ተሳስቼ ከሆነ ይታረሙኝ፤ ግን ሁለት ሐዘን የያዙ ይመስለኛል። አንደኛው ሰፈር ሁሉ ያለቀሰላቸው ደጉ አያት ነው። ሁለተኛው ደጃፍ ላይ ቆማ አባቷን የምትጠብቀው ልጅ ሐዘን ነው። እሳቸው በሕይወት ሳሉ አንድ ቅዳሜ «አንቺም ነይ እንጂ» ይሉኝ ይሆናል የምትል ተስፋ ነበረች፤ አብራ ተቀበረች። ለእሷ ድንኳን አልተተከለም፣ እድር አልጠራም። እንዳይናገሩትም ያሳፍራል፤ ሰው እንዴት በገዛ ልጁ ይቀናል? ይቀናል። የሾፌር፣ የወታደር፣ የመስክ ሠራተኛ ልጆች የነበሩ ሰዎች እኔ ዘንድ ተቀምጠው ይህንኑ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው ነግረውኛል።

ይህን ማለት አባትን ማማት አይደለም። ግሩም አያት ነበሩ፤ እንደ አባት ደግሞ ሩቅ ነበሩ። ምናልባትም በእርስዎ ያጎደሉትን በእሱ ሊክሱ ሞክረው ይሆናል፤ ዛሬ የሚጠየቁበት መንገድ የለም። ቁም ሣጥኑን መቆለፍዎ ግን ልክ አልመሰለኝም። ልጁ ያልተበደረውን ዕዳ እየከፈለ ነው።

ቁልፉን ቢያወጡት ጥሩ ነው፤ ዛሬውኑ ካቃተዎት ሲችሉ። ዝናቡ ሲያባራ ልጁ ሱባን ያሳይዎት፤ እሱ ይምራ፣ እርስዎ ይከተሉ። «አላዘንክም ወይ?» ብለው አይጠይቁት። እንቅልፍ ካጣ ወይም ከትምህርቱ ከሸሸ ባለሙያ ይየው። ለራስዎ ግን እስከዚያ አይጠብቁ፤ የቅንፉ ነገር በደብዳቤ የሚያልቅ አይደለምና ከአማካሪ ጋር ፊት ለፊት ቢቀመጡ እመርጣለሁ።

ጫማው ይሰፋዋል ብለዋል። ካልሲ ይደርብበት።