በጥንታዊ ቤት ሙዚየም ውስጥ ያለ ፍላሽ ፎቶ ማንሳት

ክፍሉ ጨለማ፣ ፍላሽ ክልክል፣ ፎቶው ድብዝዝ ላልከው፦ የስልክህን የሌሊት ሞድ አብራ፣ ክርኖችህን ከጎንህ አጣብቅ፣ የ3 ሰከንድ ሰዓት ቆጣሪ ተጠቀም። ብዙ ጊዜ ምስሉን የሚያበላሸው ቁልፉን ስትነካ ስልኩ መነቃነቁ ነው።

መስኮቱን ከጀርባህ አድርገው። ምስሉ ውስጥ ከገባ ካሜራው ብርሃኑን በእሱ ይለካና የቤት ዕቃው ይጠቁራል። ያኔ ካሜራው ብርሃኑን በዕቃው እንዲለካ ስክሪኑ ላይ ዕቃው ያለበትን ቦታ ነክተህ ያዝ።

ክፍሉ የጨለመው ሆን ተብሎ ነው። አሮጌ ጨርቅና ወረቀት ባለበት ብርሃኑን 50 ሉክስ (የብርሃን መጠን መለኪያ) አካባቢ ማድረግ የተለመደ ነው፤ በብርሃን የለቀቀ ቀለም አይመለስምና መጋረጃ እንዳትገልጥ።

ደግሞ እጄ ይረጋልኝ ብለህ ግድግዳ ወይም የበር መቃን አትደገፍ፤ አሮጌ ልስን በቀላሉ ይረግፋል። የጀርባ ቦርሳህንም ወደ ደረትህ አዙረው፤ ለፎቶ ወደ ኋላ ስታፈገፍግ ዕቃ የሚገጨው እሱ ነው።