መልስ፦ የልጅ የገለባ ባርኔጣ ክፈፍ ለምን ወደ ላይ ይታጠፋል?

ለ1880ዎቹ የአሜሪካ ልጅ አለባበስ የምትሰፊው ባርኔጣ ክፈፉ እንደ ሳህን እየጎደጎደ እንዳስቸገረሽ ጽፈሻል። ጥፋቱ የገለባው አይደለም፤ ጉንጉኑን (ከገለባ የተጎነጎነውን፣ እየዞረ የሚሰፋውን ጥብጣብ) እየሳብሽ ስለሰፋሽው ነው። የውጪው ዙር ሁልጊዜ ከውስጠኛው ይረዝማል፤ ስለዚህ ክፈፉ ላይ ጉንጉኑን ላላ እያደረግሽ ስፊ። በጣም ከላላ ደግሞ ጠርዙ ይሞገዳል፤ በየሁለት ዙሩ ጠረጴዛ ላይ ዘርግተሽ እዪው። የአናቱን ጎን ወደ ታች ለማውረድ ግን ሳብ ማድረግ የግድ ነው።

አጀማመሩ እንደ ሰፌድ ከመሃል ነው፤ እያንዳንዱ ዙር የቀዳሚውን ሩብ ያህል ይደርብ። ደረቅ ገለባ መርፌ ሲነካው ይሰነጠቃል፤ ለብ ያለ ውሃ ውስጥ 20 ደቂቃ ያህል ነክረሽ በእርጥብ ጨርቅ ጠቅልይው።

ለዘመኑ የሚስማማው የመርከበኛ ባርኔጣ ነው፤ ወንዶችም ሴቶችም ልጆች ያደርጉት ነበር። ጥቁር ሰማያዊ ሪባን አናቱን ዞሮ ጫፎቹ ከኋላ ይንጠልጠሉ፤ አገጭ ሥር ቀጭን ላስቲክ። ሪባኑን ባርኔጣው ሙሉ በሙሉ ሳይደርቅ እንዳታስሪው፣ ቀለሙ ገለባው ላይ ይወርዳል። በማሽን ብትሰፊውም ከዘመኑ አይወጣም፤ የጉንጉን መስፊያ ማሽን በ1870ዎቹ ፋብሪካ ገብቷል።