ጥያቄና መልስ፦ ምስሉ ለምን ከአጥንቱ ይሸሻል?

ጥያቄ፣ ከለገጣፎ፦ የሕክምና መሣሪያ ባለሙያ ነኝ። ከአጥንት ሐኪሞቻችን ጋር በሆሎሌንስ 2 (ምስልን ከፊት ባለው ነገር ላይ ደርቦ በሚያሳይ መነጽር) የሲቲ ስካን ምስል በፕላስቲክ የአከርካሪ ሞዴል ላይ እየደረብን ብሎን ማስገባት እንለማመዳለን። ኮምፒውተሩ «ስሕተት 1 ሚሊ ሜትር» ይላል፤ ስንለካው ግን የብሎኑ ጫፍ 4 ሚሊ ሜትር ያህል ይስታል። ሐኪሙ ቦታ ሲቀይር ደግሞ ምስሉ ይንሸራተታል። ችግሩ ምኑ ላይ ነው?

መልስ፦ ያ 1 ሚሊ ሜትር አያታልላችሁ። ቁጥሩ የሚናገረው ምስሉን ከሞዴሉ ጋር ለማጋጠም የለጠፋችኋቸው ምልክቶች ከምስሉ ጋር ምን ያህል እንደገጠሙ ብቻ ነው። ብሎኑ የሚያርፍበት ጥልቀት ላይ ያለው ስሕተት ሌላ ነው። ምልክቶቹ አንድ ጎን ላይ ከተሰበሰቡ ምስሉ ሳይታወቅ ያጋድላል፤ 2 ዲግሪ ያጋደለ ምስል ከምልክቶቹ 10 ሴንቲ ሜትር ሲርቅ 3.5 ሚሊ ሜትር ይስታል። ነርቭ አጠገብ ለሚገባ ብሎን ይህ ብዙ ነው። ስለዚህ 6 ያህል ምልክቶች ዒላማውን ከበው፣ ከፍታቸው ተለያይቶ፣ በአንድ መስመር ሳይሰለፉ ይለጠፉ። አንድ ሌላ ምልክት ደግሞ ለማጋጠሚያ ሳትጠቀሙበት ለፍተሻ ብቻ አስቀሩ፤ እውነቱን የሚነግራችሁ እሱ ነው።

ሲቲውንም እዩት። ሲቲው የሚያነሣው የእያንዳንዱ ቁርጥ ምስል ውፍረት 3 ወይም 5 ሚሊ ሜትር ከሆነ የአጥንቱ ጠርዝ እንደ ደረጃ ተሰባብሮ ይወጣል፤ 1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ሆኖ እንዲነሣ ቀድማችሁ ንገሩ።

ሐኪሙ ሲዞር የሚንሸራተተው ምስሉ የተሳሳተ ጥልቀት ላይ ስለተቀመጠ ነው። ከፊት ሲታይ የገጠመ ይመስላል፣ ከጎን ሲታይ ይጋለጣል። መነጽሩን የሚያደርግ ሁሉ የዓይን ማስተካከያውን ለራሱ ይሥራ። መነጽሩ አጥንቱ የት እንዳለ የሚከታተልበትን ምልክት አልጋው ላይ አታጣብቁት፤ በመዶሻ ሲመታ አጥንቱ ሲነቃነቅ ምልክቱ ባለበት ይቀራልና። ከጀርባ በእጅ በሚዳሰሰው የአከርካሪው ሹል ላይ ጥብቅ ይበል። አንድ ነገር ግን በማስተካከል አይድንም፦ የመነጽሩ ሌንስ የተሠራው 2 ሜትር አካባቢ ላለ ምስል ነው፤ በ50 ሴንቲ ሜትር ርቀት ዓይን አጥንቱንና ምስሉን እኩል አያጠራም።

ወደ ታካሚ ከማለፋችሁ በፊት ደግሞ ይህን አስቡ፦ ሲቲ የሚነሣው በጀርባ ተኝቶ፣ ቀዶው የሚሠራው በሆድ ተኝቶ ነው። የአጥንቶቹ አቀማመጥ ስለሚለወጥ እያንዳንዱን አከርካሪ ለየብቻ ማጋጠም ግድ ነው። መብራት ሄዶ ኮምፒውተሩ እንደገና ከተነሣ የፍተሻ ምልክቱን ሳታዩ አትቀጥሉ።

ጥያቄ፣ ከቱሉ ዲምቱ፦ አባቴ የጭንቅላት ዕጢ አለበት። እንዲህ ያለ መነጽር ቢኖር ሐኪሙ ዕጢውን አጥርቶ አያየውም?

መልስ፦ አባትዎን እግዜር ይማርልን። መነጽሩ ቆዳውና አጥንቱ የት ጋ እንደሚከፈት ለመወሰን ይረዳል። የሚያሳየው ግን ቀድሞ የተነሣውን ምስል ነው። የአንጎል ሽፋን ተከፍቶ ፈሳሹ ሲወርድ አንጎል ከቦታው ይሰምጣል፣ አንዳንዴም ከ1 ሴንቲ ሜትር በላይ። ምስሉ ይህን አያውቅም። ከዚያ በኋላ የሚያስፈልገው የሐኪሙ ዓይንና በቀዶው መሐል የሚነሣ አልትራሳውንድ ነው። መነጽሩ እስኪመጣ ብላችሁ ቀጠሮ እንዳታሳልፉ።