ጋሼ፣ 11 ሰዓቴን ሳልጨርስ ለምን አቆሙኝ?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። ሲዲኤል (የከባድ መኪና መንጃ ፈቃድ) ካወጣሁ ገና 7 ወሬ ነው፤ መነሻዬ ዴንቨር ነው። ባለፈው ኔብራስካ አድሬ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ሥራ ጀመርኩ። ትራኩን ዞሬ አይቼ 12፡30 ላይ ተንቀሳቀስኩ፣ 3፡30 ላይ ሊንከን አንድ መጋዘን ገባሁ። እስኪጭኑልኝ 6 ሰዓት ሙሉ ገተሩኝ። እኔም አልጋዬ ላይ ጋደም ብዬ ስልክ ስነካካ፣ ሲያሸልበኝ ዋልኩ። 9፡30 ላይ ወጣሁ። ዋልኮት ያለው ትልቁ ትራክ ስቶፕ ደርሼ አድራለሁ ብዬ አዮዋን ሳቋርጥ፣ ምሽት 3፡40 ላይ ፖሊስ አስቆመኝ። የነዳሁት 9 ሰዓት ከ10 ደቂቃ ነው፤ የተፈቀደልኝ የመንጃ 11 ሰዓት አልሞላም። እሱ ግን «14 አልፈሃል» ብሎ ለ10 ሰዓት አገደኝ። ለዲስፓቸሩ (ሥራ ለሚመድብልኝ ሰው) ስነግረው፣ የአገራችን ልጅ ነው፣ «ፒሲ (የግል ጉዞ) ላይ አድርገኸው ቢሆን ማን ያውቅብህ ነበር?» አለኝ። ጥፋቱ የማን ነው?

መልስ፦ ወንድሜ፣ ፖሊሱ ልክ ነው። ሰዓትህን በሚመዘግበው ታብሌትህ ላይ ያየውን ነው የፈረደው። የሚያሳዝነው ግን ታብሌትህ የዋልክበትን አልተናገረም። ቆይ፣ እደርስበታለሁ።

መጀመሪያ ስለ ሰዓቱ። የጻፍከው በእኛ አቆጣጠር ነው፤ የዴንቨር ሰዓት እንደሆነም ገምቻለሁ፣ ምክንያቱም ሎግ (የሥራ ሰዓት መዝገብህ) የሚሄደው በመነሻ ጣቢያህ ሰዓት ነው። አዮዋ ላይ ግድግዳ የተሰቀለ ሰዓት አይተህ ብታሰላ በአንድ ሰዓት ትሳሳታለህ። በዚያ ላይ የእኛን የ6 ሰዓት ልዩነት ጨምርበት። እኔ በመጀመሪያው ዓመቴ ዳሽቦርዱ ላይ በማርከር ጽፌ ነበር የምነዳው።

አንተ ሁለቱን ሰዓቶች እንደ አንድ ቆጥረሃቸዋል። 11ዱ የመንጃ ሰዓትህ እንደ ነዳጅ ነው፤ ጎማው ካልዞረ አይቀንስም። ሥራ ከጀመርክበት የሚቆጠረው 14ቱ ግን ጧፍ ነው። አንተ ብትነዳም ባትነዳም እሱ ይነድዳል። ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ለኮስከው፣ ምሽት 2 ሰዓት ላይ አለቀ። ከዚያ በኋላ ወረቀት መሙላት፣ ትሬለር መጥረግ ትችላለህ፤ መንዳት ግን የለም። አንተ አንድ ሰዓት ከ40 ደቂቃ ጨምረህ ነዳህ። ሌላ ጧፍ ለመለኮስ 10 ሰዓት በተከታታይ ማረፍ አለብህ። ስለ 30 ደቂቃው እረፍት አታስብ፤ እሱ 8 ሰዓት ከነዱ በኋላ ነው፣ መጋዘኑ ውስጥ መቆምህ ሸፍኖልሃል።

አሁን ወደሚያንገበግበው። እነዚያን 6 ሰዓታት አልጋህ ላይ እንደነበርክ ራስህ ነግረኸኛል። ታብሌቱ ላይ ምን ነበር? እወራረዳለሁ «ኦን ዱቲ» (ሥራ ላይ) በሚለው ላይ ትተኸዋል። ጀማሪ ሁሉ የሚሠራው ስህተት ነው፤ በሩ ጋ ደርሶ ሲቆም መሣሪያው ራሱ ኦን ዱቲ ይላል፣ ሰውየው ወደ ኋላ ሄዶ ይጋደማል፣ ጣቱን ግን አያነሳም። «ስሊፐር» (የትራኩ አልጋ) የሚለውን ብትነካው ኖሮ ያቺ ቀን ሕጋዊ ትሆን ነበር!

እንዴት? እረፍትህን ለሁለት መክፈል ትችላለህ። አንዱ ቢያንስ 7 ሰዓት በተከታታይ አልጋ ላይ፣ ሌላው ቢያንስ 2 ሰዓት ኦፍ ዱቲ (ከሥራ ውጪ) ወይም አልጋ ላይ፣ ሲደመሩ ከ10 ያላነሱ። ሁለቱ ሲጣመሩ የእረፍቱ ጊዜ ከ14ቱ ላይ አይቆጠርም፤ ጧፉ ለጊዜው ይጠፋል ማለት ነው። የሊንከኑ 6 ሰዓት ትንሹ ክፋይ ይሆንልህ ነበር። ከዚያ በፊት ያቃጠልከው 3 ሰዓት ተኩል ብቻ ስለሆነ፣ ስትወጣ 10 ሰዓት ተኩል ጧፍና 8 ሰዓት መንጃ ይዘሃል። እስከ ምሽት 5፡30 ያስኬድሃል። ዋልኮት ደርሰህ፣ ታጥበህ፣ እራትህን በልተህ ትተኛ ነበር።

ግን ዕዳ አለበት። ማታ የግድ 7 ሰዓት አልጋ ላይ መተኛት አለብህ፣ አለዚያ ጥንዱ ይፈርስና የቀኑም ይበላሻል። 7 ብቻ ተኝተህ ከተነሳህ ደግሞ ሙሉ 11 አይሰጥህም፤ ቆጠራው ከሊንከን ከወጣህበት ይጀምራል። 8 ነድተህ ከሆነ የሚቀርህ 3 ነው። የድሮ ሾፌሮች «ትንሹ ክፋይ 14ቱን አያቆምም» ቢሉህ አልዋሹም፤ እስከ መስከረም 2020 እንደዚያ ነበር። እኔም የለመድኩትን ለመተው ወራት ፈጅቶብኛል።

አንድ ነገር ግን ልብ በል። ስሊፐር የምትለው በእውነት ስሊፐር ውስጥ ከሆንክ ነው። ዶኩ ላይ ቆመህ ፓሌት እየቆጠርክ ከሆነ ያ ሥራ ነው።

ስለ ዲስፓቸሩ። ፒሲ ማለት ከሥራ ወጥተህ ትራኩን ለግል ጉዳይህ መንዳት ነው። ጫኞቹ ሰዓትህን ጨርሰውብህ «ከግቢው ውጣ» ቢሉህ፣ ጭነት ላይህ ቢሆንም በፒሲ ቅርብ ወዳለ ማደሪያ መሄድ ይፈቀዳል። ሎዱን ወደ ማራገፊያው ማስጠጋት ግን ፒሲ አይደለም። ያ ሰዓት ማሳለፍ ሳይሆን ሎግ ማጭበርበር ይባላል፣ ከዚህኛው የባሰ ነው። «ማን ያውቅብሃል» ለሚለው፣ የነዳጅ ደረሰኙም የመጫኛ ወረቀቱም ሰዓት አላቸው። እስከ ታኅሣሥ 2017 በወረቀት ሎግ እንነዳ ነበር፤ ስንቱ ተረት ተጽፎበታል፣ የኔንም ጨምሮ። ያ ዘመን አልፏል።

በአገር ልጅነት እንዲህ ሲልህ «እምቢ» ማለት ከባድ እንደሆነ አውቃለሁ፤ ምሳ ጋብዞሃል፣ ሥራ አስገብቶሃል። በቃል አትከራከረው። «ሰዓቴ አልቋል፣ ብነዳ ሕግ እጥሳለሁ» ብለህ ቴክስት ላክለትና መልሱን አስቀምጥ። ከዚያም በኋላ ካስገደደህ ለፌዴራሉ የሞተር ካሪየር ደኅንነት አስተዳደር በ90 ቀን ውስጥ ማመልከት ትችላለህ። ሎግህን ቢሮ ሆኖ ላስተካክልልህ ካለም፣ አንተ ካላጸደቅከው አይሆንም። ሳታነብ «አክሴፕት» አትጫን። ያገኘህ እገዳ ለ3 ዓመት በመዝገብህ ይታያል፣ የሚቀጥለው ቀጣሪህ ይጠይቅሃል፤ ዲስፓቸሩን ግን አይጠይቁትም።

ጥያቄ፦ ጋሽዬ፣ ባለቤቴ ከሁለት ሳምንት አንዴ «34 ላይ ነኝ» ይልና ስልኩን ያጠፋል። 34 ምንድን ነው? ሰው ነው ቦታ?

መልስ፦ እኅቴ፣ አይዞሽ፣ ሰው አይደለም። ብዙዎቹ ድርጅቶች በሚሠሩበት ደንብ፣ አንድ ሾፌር በ8 ቀን ውስጥ 70 ሰዓት ከሠራ በኋላ መንዳት አይችልም። 34 ሰዓት በተከታታይ ካረፈ ቆጣሪው ወደ ዜሮ ይመለሳል። አንድ ቀን ከ10 ሰዓት ማለት ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ የትም የማያውቀው ትራክ ስቶፕ ውስጥ፣ ልብስ እያጠበ። የመጀመሪያዎቹን ሰዓታት ይተኛ፣ ደክሞታል። ሥራ ከነካ 34ቱ ይፈርሳል፣ እውነት ነው። ሚስትን ማናገር ግን ሥራ ተብሎ አይመዘገብም፤ «ሰዓቴ ይበላሽብኛል» ካለሽ ይህን አንብቢለት።