የቢሮ ስልክ፦ ስንት መስመር? የትኛው ፒኤቢኤክስ?

ጥያቄ፦ ጅማ፣ ፈረንጅ አራዳ፣ ስድስት ሆነን የሒሳብና የግብር ማማከር ሥራ እንሠራለን። ያለን አንድ መደበኛ ስልክ ነው፤ ደንበኞች «ሁሌ ተይዟል» እያሉ ያማርራሉ። በጣም የሚበዛብን ከጠዋቱ ሦስት እስከ አራት ሰዓት ነው፤ ገቢና ወጪው ተደምሮ ወደ 15 ጥሪ ይሆናል፣ አንዱም ሦስት ደቂቃ ያህል ይቆያል። አንድ ባለሙያ በኔትወርክ የሚሠራውን አይፒ ስልክ ግዙ ይለናል፤ ሌላው ያገለገለ የፓናሶኒክ ፒኤቢኤክስ (የውጭ መስመሮችን ለቢሮው ስልኮች የሚያከፋፍል ሳጥን) ላምጣላችሁ ይላል። አቅማችን ውስን ነው። የቱ ይሻለናል?

መልስ፦ ዕቃውን ከመምረጣችሁ በፊት መስመሩን ቁጠሩ። ስድስት ሰው ስላላችሁ ስድስት መስመር አያስፈልጋችሁም። 15 ጥሪ በሦስት ደቂቃ ሲባዛ 45 ደቂቃ ነው፤ ለአንድ መስመር የሚበቃ ይመስላል። ደዋዮች ግን ተራ ይዘው አይደውሉም። የስልክ መሐንዲሶች በሚጠቀሙበት የኤርላንግ ቀመር ሲሰላ፣ በዚህ ጭነት አንድ መስመር ብቻ ካላችሁ ከ100 ጥሪ 43ቱ «ተይዟል» ይሰማል። በሁለት መስመር ወደ 14 ይወርዳል፤ በሦስት መስመር 3 ገደማ ይቀራል። ስለዚህ ሦስት በቂ ነው፤ ለአራተኛው በየወሩ መክፈል ብክነት ነው። መስመሮቹን ከቴሌ ስትጠይቁ በሃንቲንግ እንዲያያዙላችሁ ንገሯቸው፤ የመጀመሪያው ሲያዝ ጥሪው ራሱ ወደ ቀጣዩ ይዘላል፣ ቢዝነስ ካርዳችሁ ላይም አንድ የ047 ቁጥር ብቻ ታትማላችሁ።

ከሁለቱ ለእናንተ የምንመርጠው አናሎጉን፣ ማለትም በተራ የስልክ ሽቦ የሚሠራውን የፓናሶኒክ ፒኤቢኤክስ ነው። የፓናሶኒክ ኬኤክስ-ቲኢኤስ824 የማስፋፊያ ካርድ ሳይጨመርበት 3 የውጭ መስመርና 8 ኤክስቴንሽን (የቢሮው ውስጥ ስልክ) ይይዛል፤ ልክ የእናንተ መጠን ነው። በየጠረጴዛው የሚቀመጠውም ተራ ስልክ ነው። አይፒ ከሆነ ግን እያንዳንዱ ሰው የራሱ አይፒ ስልክ፣ ኃይል በኬብሉ የሚልክ ስዊችና እስከ ጠረጴዛው የሚደርስ የኔትወርክ ኬብል ያስፈልገዋል። ኬብሉ ቀድሞ ከተዘረጋ ወይም አጋሮ ላይ ቅርንጫፍ የመክፈት ሐሳብ ካላችሁ ሚዛኑ ወደ አይፒ ያደላል፤ ያኔ አራት የውጭ መስመር የሚቀበለውን የአይፒ ፒኤቢኤክስ፣ ግራንድስትሪም ዩሲኤም6204ን ተመልከቱ። ሲም ካርድ የሚገባበትን ጌትዌይ (የሞባይል መስመርን ከፒኤቢኤክሱ ጋር የሚያገናኝ መሣሪያ) ግን ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን ሳትጠይቁ እንዳትተክሉ፤ የቴሌኮም ማጭበርበር ወንጀል አዋጅ ቁጥር 761/2004 ያለ ፈቃድ በገባ መሣሪያ ላይ ጠንካራ ነው።

ፓናሶኒክ ከፒኤቢኤክስ ሥራ ስለወጣ ያገለገለ ስትገዙ ራሳችሁ ፈትሹ። አንድ ስልክ ይዛችሁ ስምንቱንም የኤክስቴንሽን ቀዳዳ በየተራ ሞክሩ፤ መብረቅ የነካው ዕቃ ብዙ ጊዜ አንድ ሁለት ቀዳዳው ብቻ ሞቶ ሌላው ይሠራል፣ ሻጩም የሚሠራውን ነው የሚያሳያችሁ። ሦስቱንም የውጭ መስመር ቀዳዳ በሕያው መስመር ደውሉበት። የፕሮግራሙን የይለፍ ቃል ተቀበሉና እዚያው አስገብታችሁ መክፈቱን አረጋግጡ። አንድ ነገር ቀይራችሁ ኃይሉን ንቀሉ፣ መልሳችሁ ሰኩ፤ የቀየራችሁት ከጠፋ የውስጥ ባትሪው አልቋል። እነዚህን የማያስፈትሽ ሻጭ ዘንድ አትግዙ።

መብራት ሲጠፋ ይህ ፒኤቢኤክስ የመጀመሪያውን የውጭ መስመር በቀጥታ ለመጀመሪያው ኤክስቴንሽን ያስተላልፋል። እዚያ ላይ የግድ ተራ ስልክ ይሁን፤ የፓናሶኒክ የራሱ ባለ ስክሪን ስልክ ያኔ አይሠራም። ይህም የሚጠቅመው መስመራችሁ የመዳብ ከሆነ ነው፣ ኃይሉን ከቴሌ ጣቢያ ያገኛልና። በፋይበር የመጣ ስልክ ቢሮአችሁ ያለው ሞደም ሲጠፋ አብሮ ይሞታል፤ ስለዚህ ሞደሙም ከዩፒኤስ ጋር ይያያዝ። የተለመደው ትንሽ ዩፒኤስ ባለ 12 ቮልት 7 አምፒር-ሰዓት ባትሪ 84 ዋት-ሰዓት ይይዛል፤ ከብክነቱ በኋላ ሁለት ሦስተኛው ቢደርሳችሁ ነው። 30 ዋት ለሚበላ ዕቃ ሁለት ሰዓት እንኳ አይሞላም። ፕሪንተር ከጨመራችሁበት ጨርሶ አይቆይም።

ለገመዱ ካት 5ኢ በቂ ነው፤ አራት ጥንድ ስላለው አንዱ ኬብል አራት ስልክ ያደርሳል። በእጅ ተጠምዞ በፕላስተር የተጠቀለለ መጋጠሚያ በጅማ እርጥበት ይዝጋል፣ ስልኩም መንሾሾት ይጀምራል። ጄል ያለው ማገናኛ ተጠቀሙ።

ጥያቄ፦ መርካቶ ያለው ቢሮአችን አዲስ ባስገባው ፒኤቢኤክስ፣ ደዋዩ ከዘጋ በኋላም መስመሩ ተይዞ ይቀራል። ነቅለን ካልሰካነው አይለቅም።

መልስ፦ ዕቃው አልተበላሸም፤ የመዝጊያውን ድምፅ አላወቀውም። በአናሎግ መስመር ላይ ደዋዩ ሲዘጋ ፒኤቢኤክሱ የሚያውቀው ወይ በኤሌክትሪክ ምልክት ወይ በ«ቱ ቱ ቱ» ድምፅ ነው። ፋብሪካው በአሜሪካ አቀማመጥ ከላከው የሚጠብቀው የ480 እና የ620 ኸርዝ ድብልቅ ነው፤ ብዙ አገሮች ግን የሚልኩት 425 ኸርዝ ነው። ከራሳችሁ መስመር ድምፁን በሞባይል ቅዱና የድምፅ ድግግሞሽ በሚለካ አፕ ተመልከቱት፤ ድምፁ የሚቆይበትንና የሚቋረጥበትንም ጊዜ ያዙ፣ ከዚያ ቁጥሩን በፒኤቢኤክሱ ፕሮግራም ውስጥ «ቢዚ ቶን» በሚለው ቦታ አስገቡ። ይህ እስኪስተካከል የድምፅ መልእክት መቀበያውን ጊዜ በ2 ደቂቃ ገድቡት፤ ብዙ ጊዜ መስመሩን አንቆ የሚይዘው እሱ ነው።

ጥያቄ፦ በየክረምቱ መብረቅ የስልኩን ካርድ ያቃጥልብናል፤ ስታቢላይዘር አለን።

መልስ፦ ስታቢላይዘሩ የሚጠብቀው የመብራቱን በኩል ነው፤ ጉዳቱ የሚገባው በስልክ ሽቦው ነው። በእያንዳንዱ የውጭ መስመር መግቢያ ላይ ጋዝ ቲዩብ (የመብረቁን ኃይል ወደ መሬት የሚያሳልፍ ክፍል) ያለው መከላከያ አስገቡ። የመከላከያው የመሬት ሽቦና የመብራቱ የመሬት ሽቦ መሬት ውስጥ ከተቀበረ አንድ ዘንግ ጋር ይታሰሩ፤ ለየብቻ ከሆኑ በሁለቱ መካከል የሚፈጠረው የቮልቴጅ ልዩነት በካርዱ ውስጥ ያልፋል። የዘንጉ መቋቋም ከ10 ኦም በታች መሆኑን ኤሌክትሪሺያኑ በመሣሪያ ለክቶ ያሳያችሁ። ከዲቫይደር ሦስተኛ ቀዳዳ ጋር ማያያዝ ብቻውን አይበቃም፤ ሽቦው ግድግዳው ውስጥ ተቆርጦ የቀረበት ቤት ብዙ ነው።