ልጄ ከጌም አልላቀቅ አለ፤ እንደ አጎቱ ይሆንብኝ ይሆን?

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። የ16 ዓመት ወንድ ልጅ አለኝ። የምንኖረው ደብረ ብርሃን፣ ጠባሴ ነው። በፊት ሸዋ ሮቢት ነበርን፤ በ2014 ኅዳር ጦርነቱ ሲመጣ ወጥተን እዚሁ ቀረን። ልጄ ከዓመት ወዲህ ፍሪ ፋየር የሚባል ጌም ላይ ተጥዷል። ሌሊት እስከ 9 ሰዓት ይጫወታል። በትምህርቱ ወደ ኋላ ቀርቷል፤ ኳስ ትቷል፤ ማዕድ አይቀርብም። ሳልፈቅድለት ከቴሌብሬ ላይ ዳይመንድ የሚሉትን የጌሙን ገንዘብ ገዝቶበታል፤ ያውም ሁለት ጊዜ። አባቱ ተናዶ ስልኩን ሲቀማው ሦስት ቀን አኮረፈ። «እኔ ባልኖር ሁላችሁም ታርፋላችሁ» እስከ ማለት ደረሰ። አሁን ስልኩ ተመልሶለታል። ወንድሜ የአእምሮ ሕመምተኛ ነው። ሰዉ ደግሞ «ጌም አእምሮ ይነካል» ይለኛል። እንቅልፍ እንዲወስደው ብዬ የጎረቤቴን የራስ ምታት ኪኒን፣ ማሸጊያው ላይ አሚትሪፕቲሊን ይላል፣ ግማሿን በሻይ እያደረግሁ መስጠት ከጀመርኩ ሁለት ሳምንት ሆነኝ። ጌም ልጅ ያሳብዳል ወይ? እንዴት ላስተወው?

መልስ፦ ጤና ይስጥልኝ እህቴ። የጠየቁኝ ስለ ጌም ነው፤ ያስፈራዎት ግን የወንድምዎ ነገር ይመስለኛል። ስለዚህ ከእሱ ልጀምር።

ጌም ሰው አያሳብድም። ስልክ ላይ አፍጥጦ ስላደረ ብቻ ስኪዞፍሬንያ የሚባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም የሚይዘው ልጅ የለም። የወንድምዎ ሕመም ምን እንደሚባል አልጻፉልኝም፤ ከባዱን፣ ስኪዞፍሬንያን ነው ብለን እንውሰድ። ይህ ሕመም ከ100 ሰው አንዱን ገደማ ይይዛል። አጎቱ የታመመበት ልጅ ላይ ቁጥሩ ወደ 3 ወይም 4 ከፍ ይላል። ከፍ ማለቱን አልክድም። ግን እንዲህ ካሉ 100 ልጆች 96 ያህሉ በዚህ ሕመም አይያዙም። ሰው በሌለበት ድምፅ ይሰማኛል ካለ፣ ብቻውን እያወራ ከሳቀ፣ ምግቤ ውስጥ የሆነ ነገር ጨመራችሁብኝ እያለ ከጠረጠረ ያኔ ሌላ ወሬ እናወራለን። (ሻዩ ውስጥ ኪኒን የሚጨመርበት ልጅ ቢጠረጥር ግን በሽታ አልለውም። ወደዚህ እመለሳለሁ።) ከጻፉልኝ ውስጥ እንዲህ ያለ ምልክት አላየሁም። በዚህ በኩል ይረጋጉ።

ሱስስ ይሆናል ወይ? ይሆናል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2011 ግንቦት የጌም ሱስን በበሽታዎች መዝገቡ አስገብቶታል፤ መዝገቡም ከ2014 ጀምሮ ሥራ ላይ ውሏል። ልጁ መጀመርና ማቆሙን ራሱ መቆጣጠር ሲያቅተው፣ ጌሙ ከምግቡም ከትምህርቱም ከሰውም ሲቀድምበት፣ ጉዳቱን እያየም ሲቀጥል ነው ሱስ የሚባለው። አብዛኛውን ጊዜ ይህ ለ1 ዓመት ያህል የዘለቀ መሆን አለበት። ብዙ መጫወት ብቻውን በሽታ አይደለም። ክረምቱን ሙሉ ፕሌይስቴሽን ቤት የዋለ ልጅ ሁሉ ሱሰኛ ቢባል ግማሹ ከተማ ካርድ ባወጣ ነበር።

የእርስዎ ልጅ ሱሱ ሊኖርበት ይችላል። እኔ ይበልጥ የጠረጠርኩት ግን ድብርት ነው። ኳስ ትቷል። ከሰው ርቋል። እንቅልፉ ተዛብቷል። ትልቅ ሰው ሲደበት ይተክዛል፣ ያለቅሳል። የ16 ዓመት ልጅ ግን ብዙ ጊዜ ይቆጣል፣ ያኮርፋል፣ በሩን ዘግቶ ይገባል። ቤተሰብም «ልጁ ባለገብን» ይላል። እስቲ ያስታውሱ፤ ኳሱን የተወው ጌሙን ከመጀመሩ በፊት ነው ወይስ በኋላ? ከሸዋ ሮቢት ስትወጡ ገና ትንሽ ልጅ ነበር። መንገድ ላይ ምን እንዳየ፣ ምን እንደሰማ የጠየቀው ሰው አለ? በደብረ ብርሃን ብርድ ጋቢ ተከናንቦ የሚንቀጠቀጥ ሰው ቢያዩ፣ ጋቢው አንቀጠቀጠው አይሉም። ለአንዳንድ ልጅ ጌሙ እንደዚያ ጋቢ ነው። የከፋው ልጅ ወደ ጌም ይሸሻል። ጌሙ ደግሞ እንቅልፉን ይወስድበታል፤ እንቅልፍ ሲያጣ ይብስ ይከፋዋል። ነገሩ ከሁለቱም ወገን ነው።

ለመሆኑ ከማን ጋር እንደሚጫወት ያውቃሉ? ፍሪ ፋየርን ልጆች የሚወዱት አራት ሆነው በቡድን ሲገቡ ነው። 50 ተጫዋች ይገባል፤ መጨረሻ ላይ የቀረው ያሸንፋል። አንድ ዙር 10 ደቂቃ ገደማ ነው። ዝም ብለው አይጫወቱም፤ ያወራሉ። በሩ ላይ ቆም ብለው ያዳምጡ። «ሸፍነኝ!» «ኧረ አንሳኝ፣ ወድቄያለሁ!» ይባባላሉ። ያ ድምፅ ምናልባት የሸዋ ሮቢት የክፍል ጓደኛው ይሆናል። በመሃል ስልኩ ሲነጠቅ ልጁ የሚያየው ጓደኞቹን ጥሎ መጥፋቱን ነው። «ይሄ ዙር ሲያልቅ ዝጋ» ቢሉት የሚጠብቁት 10 ደቂቃ ነው።

አሁን ወደ ዋናው።

ደብዳቤዎ መሃል አንዲት ዓረፍተ ነገር አለች። «እኔ ባልኖር ሁላችሁም ታርፋላችሁ።» እርስዎ አልፈዋት ወደ ስልኩ መመለስ ሄዱ። እኔ ግን እዚያው ቆሜ ቀረሁ። «ተናዶ ነው እንጂ» ይሉኛል። ሊሆን ይችላል። «ሊያስፈራራን ነው» ይሉኛል። እሱም ሊሆን ይችላል። በንዴት የተናገረ ልጅም፣ ለማስፈራራት የተናገረ ልጅም ራሱን ሊጎዳ ይችላል። በዚህ ዕድሜ ከሐሳቡ እስከ ድርጊቱ ያለው ጊዜ አንዳንዴ ደቂቃዎች ብቻ ነው። «የሚናገር አያደርገውም» የሚባለው ደግሞ ፍጹም ውሸት ነው። ራሳቸውን ከጎዱት ብዙዎቹ አስቀድመው ለሆነ ሰው ተናግረዋል። ቁም ነገር ብሎ የያዘላቸው ነው ያልነበረው።

ስለዚህ ይጠይቁት። ዛሬ ማታ ይጠይቁት። «ስለ ሞት ካነሳሁበት ያላሰበውን አሳስበዋለሁ» የሚል ፍርሃት እንዳለ አውቃለሁ። የተማረውም ያልተማረውም ይህን ይለኛል፤ መምህር ይለኛል፣ የንስሐ አባት ይለኛል፣ አንዳንዴ ነርስም ይለኛል። ልክ አይደለም። መጠየቅ ሐሳቡን አያስገባም። ሐሳቡ ከሌለ ልጁ «ምን ሆነሻል እማዬ» ብሎ ያልፍዎታል። ካለ ግን ብቻውን የተሸከመውን የሚያወርድበት ሰው አገኘ ማለት ነው።

አባቱ ባለበት አይጠይቁት። እየተጫወተ እያለም አይጠይቁት። ቡና ሲያፈሉ ከረከቦቱ አጠገብ ይቀመጥ፤ ዓይን ለዓይን መተያየት የለባችሁም። «ያን ቀን ባልኖር ያልከው ከልቤ አልወጣ አለ። የእውነት መሞት አስበህ ታውቃለህ?» ይበሉት። በዚሁ ቃል። ከዚያ ዝም ይበሉ። «ኃጢአት ነው» አይበሉት፤ ያውቀዋል። «እኔስ ምን በደልኩህ» አይበሉት። አያልቅሱበት። እንደዚያ ከሆነ የሚማረው ነገር ቢኖር ሁለተኛ ለእርስዎ አለመንገርን ነው። «አዎ» ካለ ይቀጥሉ፤ አሁንም ያስባል ወይ? እንዴት ብሎ አስቧል? መቼ? መንገዱንም ቀኑንም ካሰበበት ብቻውን ለደቂቃ አይተዉት፤ በዚያው ሌሊት ሆስፒታል ድንገተኛ ክፍል ይውሰዱት። «ሌሊት ነው፣ ይንጋ» የሚባል ነገር የለም።

ሌላም አለ። ጠባሴ ያለ ቤት ብዙው ከገጠር ዘመድ አለው። ለሰብል የሚረጭ መድኃኒት፣ የነቀዝ ኪኒን ጓዳ ውስጥ ካለ ዛሬውኑ ከቤት ይውጣ። «ደብቄዋለሁ» አይበሉኝ። የ16 ዓመት ልጅ ጓዳውን ከእርስዎ ይበልጥ ያውቃል። ሌላውንም መድኃኒት ሁሉ ይቆልፉበት። የሚወደውን ዕቃ ለሰው ማደል ከጀመረ፣ እንደሚሰናበት ሰው ከተናገረ፣ ወይም ለብዙ ጊዜ ከፍቶት ቆይቶ ድንገት ያለምክንያት ቀለል ካለው፣ «ተመስገን ተሻለው» ብለው አይዘናጉ። ነገሩን አበዛሁት መሰለኝ። ይብዛ።

ኪኒኑ ደግሞ። እህቴ፣ አልደብቅዎትም፣ እዚህ ላይ ተናድጃለሁ። አሚትሪፕቲሊን የራስ ምታት ኪኒን ብቻ አይደለም። የድብርት መድኃኒት ነው፤ ለነርቭ ሕመምና ለማይግሬንም ይታዘዛል። ለልጆች ድብርት ግን እዚህ ግባ የሚባል ጥቅም የለውም። ሲበዛ ደግሞ ልብን ይጎዳል፣ ይገድላል። በዚያ ላይ የድብርት መድኃኒቶች ከ25 ዓመት በታች ባለ ሰው ላይ በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ራስን የመጉዳት ሐሳብን ሊያባብሱ ይችላሉ። ሐኪም እነዚህን መድኃኒቶች ለወጣት ሲያዝ ቶሎ ቶሎ እየቀጠረ የሚያየው ለዚህ ነው። እርስዎ «ባልኖር» ላለ ልጅ፣ ማንም ሳይከታተለው፣ ስሙን ሳይነግሩት በሻይ ሰጡት! ጎረቤትዎ ደግ ሰው ናቸው፤ አልጠራጠርም። ኪኒኑ የታዘዘው ግን ለእሳቸው ነው። ከዛሬ ጀምሮ ያቁሙ። የሰጡት መጠን ትንሽ ነው፣ ጊዜውም አጭር ነው፤ ማቆሙ አይጎዳውም፣ አይደንግጡ። የተረፈውን ለጎረቤትዎ ይመልሱ፤ እርስዎ ቤት አይደር።

ጨንቆዎት እንዳደረጉት ይገባኛል። ግን እኮ ዓመት ሞላው! ከጠባሴ ሆስፒታሉ የባጃጅ መንገድ ነው። ከመንዝ ገጠር ታማሚ ይዘው ሌሊት ተነስተው የሚመጡ እናቶች አሉ። እርስዎ እስከዛሬ ምን ይጠብቁ ነበር?

ጻድቃኔ ማርያም ጸበል ልውሰደው ብለውም አስበው ይሆናል። ይውሰዱት፤ እኔ አልከለክልም። ብቻ ሕክምና ከጀመረ መድኃኒቱን እንዳያስቋርጡት፤ እዚያም ብቻውን እንዳያድር።

የስልኩ ነገር ቀላል ነው፤ ቀላል ያልኩት ከላይ ካወራነው ጋር ሲነጻጸር ነው። ሁለተኛ እንዳይነጠቅ፣ እንዳይሰበር። ድብርት ያለበትን ልጅ ካሉት ጥቂት ጓደኞች በአንድ ምሽት መቁረጥ የባሰ ነገር ያመጣል። የሌሊት የኢንተርኔት ጥቅል ስለሚረክስ ነው ልጆቹ ሌሊቱን የሚመርጡት፤ አንዳንዴ ቀን የሚጠቀምበትን ጥቅል መግዛት ራሱ እንቅልፍ ይመልሳል። በዚህ ዕድሜ ልጅ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት መተኛት አለበት። ሌሊት 9 ሰዓት ተኝቶ ጠዋት 12 ሰዓት ተኩል ከተነሳ የተኛው ሦስት ሰዓት ተኩል ነው። በዚህ እንቅልፍ እንኳን እሱ፣ እኔም እነጫነጫለሁ። ማታ ማታ የቤቱ ስልክ ሁሉ ሳሎን ቻርጅ ይደረግ፤ የአባቱም ጭምር። የአባቱ ከቀረ ነገሩ ፈረሰ። የመኝታ ሰዓቱን በአንዴ ወደ ማታ 4 ሰዓት አይጎትቱት፤ በየሳምንቱ አንድ ሰዓት እየሳቡ ያምጡት። የቴሌብሩን ምስጢር ቁጥር ይቀይሩ። ስለ ብሩ አንዴ ተነጋገሩና ዝጉት፤ በየምሳው አይነሳ።

በነገራችን ላይ፣ እኔን ከጌሙ ይልቅ የሚያስጨንቀኝ የውርርድ ቤት ነው፤ ከዚያም ጫቱ። ልጁ ጫት መቃም ጀምሮ እንደሆነ በለሆሳስ ያጣሩ። በቤተሰቡ የአእምሮ ሕመም ላለበት ልጅ ጫት ከየትኛውም ጌም በላይ ያሰጋል።

ዛሬ ማታ የሚሰጥዎት መልስ «አዎ» ከሆነ ሰኞን አይጠብቁ። «የለም» ቢልዎትም ሰኞ ጠዋት የአእምሮ ሕክምና ክፍል ካርድ ያውጡለት። ስለ ሻዩ እርስዎ ራስዎ አስቀድመው ይንገሩት፤ ከሐኪሙ አፍ አይስማው። ሐኪሙ ፊት ሲቀርቡ ወሬውን «ጌም ያበዛል» ብለው አይጀምሩት። መጀመሪያ «ባልኖር» ማለቱን፣ ቀጥሎ የወንድምዎን ሕመም፣ ከዚያ የኪኒኑን ስምና ስንት ቀን እንደሰጡት ይናገሩ። ጌሙ በኋላ ይደርሳል። ሐኪሙ «ልጁን ብቻውን ላነጋግረው» ካለ ውጭ ወጥተው ይጠብቁ፤ ሲወጣም «ምን አልከው?» ብለው አይጠይቁት።